«ቀማኛው ተያዘ» ያልኩት እኔ ነኝ

ዛሬ የምጽፈው ኑዛዜ ቢጤ ነው፤ ታገሡኝ።

በጋዜጠኝነት ተመርቄ የመጀመሪያ ሥራዬን በያዝኩ በአራተኛው ወር (የት እንደሆነ ይቅር፤ ዛሬም እዚያ የሚሠሩ ጓደኞች አሉኝ) አንድ አጭር ዜና ጻፍኩ። ርእሱ «የሞባይል ቀማኛው ተያዘ» ይላል። ከርእሱ ሥር የአንድ ወጣት ፎቶ አለ። ፊቱ አልተሸፈነም። እጆቹ በካቴና ታስረዋል፤ ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ ላይ ሰባት ስልኮች ተደርድረዋል። ዜናውን ጽፌ ለመጨረስ ሃያ ደቂቃም አልፈጀብኝም። ምንጬ ከፖሊስ የተላከች የአንድ ገጽ መግለጫ ናት። ልጁን አላናገርኩትም። ጠበቃውንም አልፈለግኩም፤ ጠበቃ እንዳልነበረው እንኳ ያወቅኩት በኋላ ነው።

የሚገርመው፣ መግለጫዋ ራሷ «ተጠርጣሪው» ነበር የምትለው። ያቺን ቃል አውጥቼ «ቀማኛው» ብዬ የተካሁት እኔው ነኝ። ርእስ አጭርና ሳቢ መሆን አለበት ተብለን ተምረን የለ!

ሁለት ወር ግድም እንዳለፈ አንዲት እናት ቢሮ መጡ። ጥበቃው «ዜናውን የጻፈችውን ልጅ ነው የሚፈልጉት» ብሎ ጠራኝ። የልጁ አክስት ናቸው፤ ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። ከያዙት ፌስታል ውስጥ በጥንቃቄ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። ዐቃቤ ሕግ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ መዝገቡን ዘግቶታል። ልጁ ተለቋል። ከሰባቱ ስልኮች አንዱ የራሱ ነበር፤ የቀሩት አብሮት ከተያዘ ሌላ ሰው ቦርሳ የወጡ ናቸው።

ልጁ የታክሲ ረዳት ነበር። የታክሲው ባለቤት ዜናውን በስልኩ አይቶ ቦታውን ለሌላ ሰጠበት። ተራው ላይ ያሉት ልጆች ደግሞ «ሳምሰንግ» የሚል ስም አወጡለት። አክስቱ ይህን ሲነግሩኝ አልጮኹም፤ አልሰደቡኝም። «የጻፍሽውን አንቺው አጥፊልን ልጄ፤ ሌላ ምንም አንልሽም» ነው ያሉኝ።

አለቃዬ ጋ ሄድኩ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ብዙ ነገር ያስተማረኝ ሰው ነው። «ፖሊስ ያለውን ነው የዘገብነው፤ ምን አጠፋን? ደግሞስ የሁለት ወር ዜና ማን ያነበዋል?» አለኝ። ማን ያነበዋል? ነገ ልጁን ሊቀጥረው የሚያስብ ሰው ያነበዋል። ቤት የሚያከራየው ያነበዋል። የሚያጫት ልጅ ወንድም ያነበዋል። ጋዜጣ ድሮ በማግስቱ የበርበሬ መጠቅለያ ይሆን ነበር። የዛሬው ግን አይጠቀለልበትም፣ አይቀደድም፤ ስሙን በጻፋችሁ ቁጥር ተመልሶ ይመጣል።

*

እስቲ ሕጉን እንየው። እኔም በትምህርት ቤት አንድ ሴሚስተር «የሚዲያ ሕግ» ተምሬ ኤ አግኝቻለሁ፤ ኤ ማግኘቴ ልጁን ባይጠቅመውም።

አንድ ሰው ሲያዝ ፖሊስ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊያቀርበው ይገባል። ይህ በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ላይ አለ። ከዚያ ፖሊስ «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ብሎ ጊዜ ይጠይቃል። ከስድሳ ዓመት በላይ የተሠራበት የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን በላይ እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ ቀጠሮው ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ግን አይናገርም። አሥራ አራት፣ ሌላ አሥራ አራት፣ ሌላ አሥራ አራት… ዘመዱ የታሰረበት ሰው ይህን ቆጠራ በቃሉ ያውቀዋል። ምርመራው ሲያልቅ መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ጋ ይሄዳል። ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃው አይበቃም ካለ በቁጥር 42 ይዘጋዋል። ይበቃል ካለ ይከስሳል። ምስክር ተሰምቶ ክሱ ካልተረጋገጠ ዳኛው በቁጥር 141 መሠረት «መከላከል ሳያስፈልግህ በነጻ ተሰናበት» ይሉታል። ከተረጋገጠ «ተከላከል» ይባላል። ተከላክሎ ካልተሳካለት፣ ያኔ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ጥፋተኛ ይባላል።

አሁን ቁጠሩልኝ። እኔ «ቀማኛው» ያልኩት በየትኛው ደረጃ ላይ ነው? በመጀመሪያው። ገና ዳኛ ፊት ሳይቀርብ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንኳ ፍርዱ እስኪያልቅ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይደነግጋል። ገና ያልተከሰሰው እንግዲህ እንዴት ነው የሚታየው?

አንዳንዴ ችግሩ ቋንቋችን ውስጥም ያለ ይመስለኛል። የ1949ኙን ሕግ አስታውሱ፤ ስሙ «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ነበር። ገና ከሽፋኑ ሰውየው ወንጀለኛ ነው፤ የቀረው መቅጣት ብቻ! የሥነ ሥርዓቱ ሕግም «የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት» ይባል ነበር፤ ሥነ ሥርዓት ያስፈለገው ወንጀለኛ መሆን አለመሆኑን ለማጣራት ሆኖ ሳለ። በ1996 የወጣው አዲሱ ሕግ ስሙን «የወንጀል ሕግ» ብሎ አስተካከለው፤ ከግንቦት 1997 ጀምሮም ይሠራበታል። እኛ ጋዜጠኞች ግን የድሮውን ሽፋን አልቀየርንም። «ተጠርጣሪ» ብለን እንጀምርና በሁለተኛው አንቀጽ «ወንጀለኞቹ» ላይ እናርፋለን። «በወንጀል ተጠርጥሮ እጅ ከፍንጅ የተያዘው ሌባ» የሚል ዓረፍተ ነገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተጠርጥሮ፣ ተከስሶ፣ ተፈርዶበት ወጣ።

*

«ይህ የጋዜጠኛ የቃላት ጨዋታ ነው፤ ማንን ገደለ?» የሚለኝ አይጠፋም። ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ኅዳር 2004 ላይ ኢቴቪ «አኬልዳማ» የተባለውን ፕሮግራም ሲያስተላልፍ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ከፍቶት ቁጭ ብሎ ሲያይ ትዝ ይለኛል። የሰዎቹ ጉዳይ ገና ፍርድ ቤት ነበር፤ በቴሌቪዥኑ ግን አልቋል። ከመካከላቸው እንደ እስክንድር ነጋና አንዱዓለም አራጌ ያሉት በዚያው ዓመት ተፈረደባቸው፤ የወጡት በየካቲት 2010 ነው። ጥር 2005 ላይ «ጂሃዳዊ ሐረካት» መጣ። እሱም በችሎት ላይ ስላሉ ሰዎች ነበር፤ ፍርድ ቤት እንዳይተላለፍ አግዶት ሳለ ነው የተላለፈው። የከተማው ወጣት ያኔ ምን ይል ነበር? «ይህ ግፍ ነው፤ ፍርድ ሳይሰጥ በቴሌቪዥን መፍረድ ነው» ይል ነበር። ልክ ነበር።

ከዚያ ኅዳር 2011 መጣ። ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። የተማሪዎች መዝናኛ ክበብ ውስጥ ቁጭ ብለን የቀድሞው የሜቴክ ዋና ዳይሬክተር ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘው እጃቸው በካቴና ታስሮ በቴሌቪዥን ታየ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ብቻ «ገና ፍርድ ቤት አልቀረበም እኮ» አለች፤ ሁላችንም እንደ እብድ አየናት። በወሩ ደግሞ በእስር ቤቶች ስለተፈጸመ ሰቆቃ የሚናገረው «የፍትሕ ሰቆቃ» ተላለፈ። እዚያ ላይ የተናገሩት ተጎጂዎች ድምፅ መሰማት ነበረበት፤ አልቅሼ ነው ያየሁት። ቢሆንም በዚያው ጉዳይ የተጠረጠሩ ሰዎች ምርመራ ላይ ነበሩ። ዘዴው ከአኬልዳማ ጊዜው የተለየ አልነበረም። የተለየው የታሰረው ሰው ነው፤ የምንጠላው ሰው ሆኖ ተገኘ።

ሰዎቹ ጥፋተኛ ናቸው ወይም አይደሉም አላልኩም። የምለው፣ «ፍርድ ሳይሰጥ አትፍረዱ» ማለት ለምንወደው ሰው ብቻ የምናወጣው የክት ልብስ ከሆነ መርሕ አይደለም፤ ቲፎዞነት ነው።

ማንን ገደለ ላላችሁት ደግሞ፣ ከዚያ ጭብጨባ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 2010 ላይ ሻሸመኔ ውስጥ «ቦንብ ይዟል» የሚል ወሬ ተነሣና አንድ ሰው ሕዝብ በተሰበሰበበት ተደብድቦ ተሰቀለ። ቦንብ አልነበረም። ጥቅምት 2011 ላይ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ለጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች «ሕፃናቱን ሊመርዙ ነው» በሚል ወሬ በሕዝብ ተገደሉ። መርዝ አልነበረም። እነዚያን የገደለው ጋዜጣ ወይም ቴሌቪዥን ነው አላልኩም። ነገር ግን «ተያዘ» ማለት «አድርጎታል» ማለት ነው ብሎ የለመደ ሕዝብ፣ «አድርጎታል» ሲባል ዳኛ አይጠብቅም። መርካቶ ውስጥ «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ሮጦ የሚደበድበውን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አብዛኛው ምን እንደተሰረቀ እንኳ አያውቅም። የሚያውቀው ሌላው ሲመታ መምታቱን ነው።

አያቶቻችን ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበራቸው። ዕቃ ሲሰረቅ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡና ወገቡን አስረው ይለቁታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ዛሬ ስንሰማው እንስቃለን። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አንድ ፎቶ ተለጥፎ «ይህን ሰው ተጠንቀቁ፤ ሼር አድርጉ» ሲባል ግን አንስቅም፤ ሼር እናደርጋለን። መድኃኒት የጠጣው ልጅ ማን እንደሆነ አንጠይቅም። እነዚያው አያቶቻችን እኮ የተጣሉ ሰዎችን «በሕግ አምላክ!» ብለው የሚያስቆሙ፣ በዚያ ቃል የተጠራውም ሰው ባለበት ቀጥ የሚል ሰዎች ነበሩ። ሁለቱም የኛ ነው። ሌባ ሻዩን ይዘን በሕግ አምላኩን መተዋችን ነው የሚከነክነኝ።

*

ወደሚከብደኝ ልምጣ። ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳወራ በጣም የሚቆጡት ሴቶቹ ናቸው። አንዷ እንዲህ አለችኝ፦ «አንቺ ለወንዱ ስም ትጨነቂያለሽ። የተደፈረችው ልጅ ስምስ? ሰውየው በዋስ ወጥቶ ሰፈሯ ሲንጎራደድ እሷ ትምህርት ቤት ታቆማለች። ፎቶውን ካልለጠፍነው ማን ይጠብቃታል?»

መልስ አጥቼ ነበር። እውነቷን ነው፤ በዋስ የወጣ ሰው እንደገና ያስፈራራቸውን ሴቶች ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። ሕጉ እኮ ለዚህ መልስ አለው፤ ምስክር ያባብላል ወይም ሌላ ወንጀል ይሠራል ተብሎ የሚገመት ሰው ዋስትና ሊከለከል ይችላል። ያንን ግምት ለዳኛው በማስረጃ የሚያቀርብ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ነው የሚያስፈልጋት። እኛ ግን ፖሊሱ ሥራውን እንዲሠራ ከመጮኽ ይልቅ ፎቶ መለጠፍ ይቀልለናል። ከለጠፍን በኋላ ደግሞ የሠራን ይመስለናል።

ፎቶው ደግሞ ለተበዳይዋ ጠላት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጥቃት ያደረሰባትን ሰው የማታውቅ ሴት ከብዙ ወንዶች መሃል «የትኛው ነው?» ተብላ እንድትለይ ትጠየቃለች። ያ መለየት ትልቅ ማስረጃ ነው። የሰውየው ፎቶ ቀድሞ ቴሌግራም ላይ ከዞረ ግን ተከላካይ ጠበቃው አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃዋል፦ «ፎቶውን ከመለየትሽ በፊት አይተሽው ነበር?» አይታዋለች። አገር አይቶታል። እውነተኛው ጥፋተኛ እንኳ በዚህ ቀዳዳ ሊያመልጥ ይችላል። «ሌሎች ተበዳዮች አይተው እንዲመጡ ነው ፎቶ የምንለቀው» ለሚለው የፖሊስ ምክንያትም መልሴ ይኸው ነው። ይምጡ፤ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የወንጀሉን ዓይነት ንገሩን፣ የደረሰብን ሁሉ እንመጣለን። ፊቱን ጣቢያ ውስጥ በሥርዓቱ አሳዩን።

ለጓደኛዬ የነገርኳት ሌላ ታሪክም አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፣ ተደፈረች፣ ስታመልጥ ጠላፊዋን በጠመንጃ ገደለችው። «ድፍረት» የተባለው ፊልም የተሠራው በዚያ ታሪክ ላይ ነው። በጊዜው የነበረው የ1949 ሕግ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን ካገባች ክስ እንዲቀር ያደርግ ነበር። የአካባቢው ሰውም በሷ ላይ ፈርዶ ነበር፤ ሰው ገድላለችና። ሞቷል የተባለው ሞቷል፤ ተኩሻለሁ ብላለች፤ ምን የሚጣራ ነገር አለ? የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱ ራሷን መከላከሏን ተቀብሎ በነጻ አሰናበታት። ጠለፋን በጋብቻ ይቅር የሚያሰኘው ድንጋጌም በ1996ቱ ሕግ ቀረ።

ያኔ የኔ ዓይነት ጋዜጠኛ ቢኖር ርእሱን እገምታለሁ። «ነፍሰ ገዳይዋ ተያዘች»። ከሥሩ የልጅቷ ፎቶ።

ጓደኛዬ ዝም ብላ ቆየችና «እሷና ደፋሪዋ አንድ ናቸው እያልሽኝ ነው?» አለችኝ። አይደለም። አንድ አይደሉም። ግን ማን ምን እንደሆነ የታወቀው ሰው ቁጭ ብሎ ስለሰማ ነው።

በዚያ ላይ ከፍርድ በፊት ዝም እንበል ማለት ከፍርድ በኋላም ዝም እንበል ማለት አይደለም። ነሐሴ 2016 ላይ ባሕር ዳር ውስጥ በሰባት ዓመቷ ተደፍራ የተገደለችውን ሕፃን ጉዳይ ስንሰማ ሰውየው 25 ዓመት ተፈርዶበት ነበር። «ይህ ቅጣት ያንሳል» ብለው በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ፈረሙ፤ እኔም ፈርሜያለሁ። ምስክር ተሰምቶ፣ ጥፋቱ ተረጋግጦ ያለቀ ጉዳይ ነው፤ ዳኛም ሕግም ይተቻል። ስሙን ጥሩት፣ ፎቶውን አውጡት፣ ቅጣቱን ተቃወሙት። እኔን የሚያስፈራኝ ያ ቁጣ ገና ከመጀመሪያው ቀን፣ የተያዘው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሲለቀቅ ነው።

*

እዚህ የምንጽፈው ልጆች ባለፈው ሳምንት ቡና ላይ ይህንን ተከራክረን አንድ ነገር ተስማማን። ከእንግዲህ ያልተፈረደበትን ተራ ሰው ስምና ፎቶ አናወጣም። ባለሥልጣን ከሆነ ስሙን እንጠራለን፣ የሕዝብ ጉዳይ ነውና፤ ግን ከስሙ አጠገብ መዝገቡ ምን ላይ እንደደረሰ እንጽፋለን። የጻፍነው ሰው በነጻ ከተለቀቀ ደግሞ መለቀቁን በዚያው ጽሑፍ ራስ ላይ እናስቀምጣለን፤ ከታች በትንሽ ፊደል አይደለም። ሁለቱ ባልደረቦቼ «ይህ ለሌባ መደበቂያ መስጠት ነው» ብለው አልተስማሙም። ሐሙስ መልሳቸውን ይጽፋሉ፤ አንብቧቸው።

የኔ ዜና ዛሬም አለ። ያንን መሥሪያ ቤት ከለቀቅኩ ቆይቻለሁ፤ ማጥፋት አልችልም። ሁለት ጊዜ ጽፌላቸዋለሁ፤ «እናየዋለን» ብለውኛል።

ባለፈው እሑድ አክስቱ ጋ ደወልኩ። ስሜን ስነግራቸው ወዲያው አወቁኝ፤ እናቴን ደኅና ናት ወይ ብለው ጠየቁኝ። ልጁ አዳማ ሄዶ ጎሚስታ ቤት ተቀጥሯል። እዚያ የሚያውቀው ሰው ስለሌለ ይሻለዋል አሉ። «ስልኩን ልስጥሽና ደውይለት እንዴ?» አሉኝ። ሰጡኝ። ቁጥሩ እዚህ ማስታወሻዬ ላይ ነው፤ እስካሁን አልደወልኩም።